የወንድሜ እሺ

ወንድሜ ስልክ ሲደውል "እንዴት ነሽ" አይልም። "ሁኔታ?" ይላል። ከዚያ እኔ ስለ አባታችን ጉልበት፣ ስለሚያፈሰው ጣራ፣ ስለማስተምርበት ትምህርት ቤት በየተራ ሪፖርት አቀርባለሁ፤ እሱ መሃል መሃል ላይ "ቀጥይ" ይላል። ስጨርስ "ግልጽ ነው" ብሎ ይዘጋል። አንድ ጊዜ ቱግ ብዬ "ጋሸ፣ እኔ እህትህ ነኝ እንጅ የሬዲዮ ሠራተኛህ አይደለሁም!" አልሁት። "ግልጽ ነው" አለኝና ዘጋው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መጣላት እንኳ አይቻልም።

ብርጋዴር ጄኔራል ነበር። ኋላ ከሠራዊቱ ወጥቶ እዚሁ ባሕር ዳር የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። የምጽፈው ስለ እሱ ነው፤ ስለ እሱ ስጽፍ ግን አባታችንን መተው አልችልም። ሁለቱን መሃል ቆሜ ያየሁ እኔ ነኝ፤ ለሁለቱም የጠቀምኋቸው ነገር የለም።

አባታችን የቅኔ መምህር ናቸው። ጣና ዳር፣ ከደብሩ ቅጽር ጥግ፣ ታንኳ ከሚሠራበት ደንገል ትንሽ ፈቀቅ ብለው ከዋርካ ሥር ወንበር ዘርግተው ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተማሩ። ቤታችን እዚያው ነው፤ የተማሪዎቹ ጎጆዎችም ቤታችንን ከበው የተሠሩ ናቸው። እኔ የመጨረሻ ልጅ፣ እሱ የመጀመሪያ ነን። በመካከላችን የተወለዱትን እናታችን በልጅነታቸው ቀብራቸዋለችና የዕድሜያችን ልዩነት የአባትና የልጅ ያህል ነው። እኔ አባቴን "አባባ" እላቸዋለሁ። ወንድሜ ግን ፊደል ከቆጠረበት ቀን ጀምሮ "የኔታ" እንዳለ ቀርቷል፤ ከልጅነቱ ይልቅ ተማሪነቱ ቀድሞበታል።

ተማሪነቱም አላማረለትም። ቅኔ ማለት አንዱን ብሎ ሌላውን ማለት ነው፤ ወንድሜ ደግሞ አንዱን ሲሉት አንዱን ብቻ የሚሰማ ልጅ ነበር። እናቴ እንደነገረችኝ ጎረቤት ከደጅ ቆማ "ቤቶች! ሰው የለም እንዴ?" ብላ ስትጣራ፣ ሌላ ልጅ ቢሆን "ይግቡ" ይላል፤ እሱ "እኔ አለሁ" ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሴትዮዋ ደጅ ላይ እንደቆመች ትቀራለች። "ክፋት እኮ የለበትም" ትለኝ ነበር እናቴ፣ "የጠየቀችውን ነው የመለሰላት።"

አንድ ቀን ለአባባ ቅኔ ነገረ። ምን እንዳለ እናቴ አታውቅም፤ ተማሪዎቹ ግን መሬት እስኪነኩ ሳቁ። አባባ ሲናደዱ የዋዛ አልነበሩም። "ሂድ! ከፊቴ ጥፋ! ሰው ሳትሆን ዓይኔ እንዳያይህ!" አሉት። ይህንን ያልተባለ የቅኔ ተማሪ በጎጃም ምድር የለም። የተባለው ሁሉ ደጀ ሰላሙ ጀርባ ይውልና ሲመሽ አኮፋዳውን ይዞ ይመለሳል፤ የኔታም ምንም እንዳልተፈጠረ "ብላ" ይሉታል። ወንድሜ ግን ጥፋ ተባለ፣ ጠፋ። በመራዊ መንገድ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ሲሳፈር ያየው ሰው ነበር። እስከ ዱርቤቴ ድረስ የወጡት ፈላጊዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ወታደር ቤት መግባቱን የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ሰማነው ልበል እንጂ እኔ ገና አልተወለድሁም ነበር። ሲመጣ መቶ አለቃ ሆኖ መጣ። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ከኋላዋ ቆሜ አየሁት፤ ረጅም፣ ጠቆር ያለ፣ ኮፍያውን በብብቱ የያዘ። አባባ ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ሥር ተደፍቶ ጉልበታቸውን ሳመና "የኔታ፣ ሰው ሆኜ መጣሁ" አላቸው። አባባ በእጃቸው ፊቱን ዳሰሱት፤ ከዚያ ትከሻው ላይ ያሉትን ኮከቦች አንድ በአንድ ዳሰሱ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ዓይኔ እንዳያይህ አሉት፣ ሳያዩት ቀሩ። የዚያን ዕለት አባባ ሲያለቅሱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፤ ወንድሜ ግን ለምን እንደሚያለቅሱ የገባው አይመስለኝም።

ከዚያ ሻምበል ሆነ፣ ሻለቃ ሆነ፣ ኮሎኔል ሆነ። የት እንዳለ የምናውቀው ከዓመት አንዴ ነው። እናታችን ስታርፍ በረሃ ነበር፤ የደረሰው ለአርባዋ ነው። በእሱ ሥር ያገለገሉ ወታደሮች በባሕር ዳር ሲያልፉ አባባን ሊስሙ ይመጡ ነበር፤ ከእነሱ የሰማሁት ወንድሜን ከእሱ ከራሱ ከሰማሁት ይበልጣል። አንዱ እግሩን የተመታ ሃምሳ አለቃ "የእሳቸው ንግግር ጓዳ የለውም" አለኝ። "እመለሳለሁ ካሉ ይመለሳሉ። ቆይ ካሉህ ትቆያለህ። እኛ የምንሞትላቸው ለዚያ ነው።" ያን ጊዜ ኮራሁ። በቅኔ ቤት ያሳቀው ነገር በጦር ሜዳ ሰው የሚያድን ሆኖ ተገኘ ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

ጄኔራል ከሆነ በኋላ ጡረታ ሊወጣ ሲል፣ አገሩም በተናወጠበት ጊዜ፣ ሲቪል ሹመት ሰጡትና ወደ ባሕር ዳር መጣ። ሚስቱና ልጆቹ አዲስ አበባ ቀሩ። እሱ ዓባይ ማዶ የመንግሥት ቤት ተሰጠው፤ ከፍ ያለ አጥር፣ ሰማያዊ የብረት በር፣ በሩ ላይ ጠባቂ። ሥራው የከተማውንና የሐይቁን ዳር ማልማት ነው ተባለ። ያን ሰሞን ቤታችን በ"ሹመት ያዳብር" ባይ ተጥለቀለቀ። ለዓመታት ሰላምታ የነፈገን ሁሉ የአባባን መስቀል ሊሳለም መጣ። ከመራዊ አንድ ነጋዴ የቆጋ መስኖ ድንች በጆንያ ላከልን፤ ወንድሜ ሲሰማ "አሁኑኑ ይመለስ" አለ፤ ድንቹን ግን ተማሪዎቹ ቀቅለው ጨርሰውት ነበር።

አባባ ብቻ ደስ አላላቸውም። "ሹመት ነው ወይስ ትእዛዝ ነው?" ብለው ጠየቁት።

"ትእዛዝ ነው፣ የኔታ።"

"እንግዲያ ይቅናህ" አሉት።

ወንድሜን ያጠፋው ምን እንደሆነ ለመናገር መጀመሪያ ስለ አንድ ቃል መናገር አለብኝ። እኛ አገር እሺ ብዙ ዓይነት ነው። አጠር ያለች ፈጣን እሺ አለች፤ "ሰምቻለሁ፣ አሁን ተወኝ" ማለት ናት። "እሺ እሺ" ተብሎ ከተደገመ "አንተ ተናገር፣ እኔ የማደርገውን አውቃለሁ" ነው። ሳብ ተደርጎ "እሺይ" ከተባለ ጉድህን አያለሁ ነው። አንገቱን ደፍቶ "እሺ፣ እንዳሉ" የሚል ሰው ከሁሉ ይብሳል፤ እሱ እምቢ ብሏል፣ እምቢ ማለቱን ግን ማንም ሊይዝበት አይችልም። አበው "እሺ ይበልጣል ከሺ" ያሉት ዝም ብለው አይደለም። ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ትልቅ ሰውን ሲሆንማ ስድብ ነው። ስለዚህ እሺ እንላለን፤ የሚሰማን ሰው የትኛው እሺ እንደሆነ ያውቃል። ተማሪዎቼ እንኳ የቤት ሥራ ሳዛቸው የሚሉኝን እሺ ሰምቼ ማን እንደሚሠራ ማን እንደማይሠራ እለያለሁ።

ወንድሜ በወታደር ቤት አንድ እሺ ብቻ ነው የሚያውቀው። መሥሪያ ቤቱ ሲገባ ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹን ሰብስቦ ሥራ ያከፋፍላል፤ "ግልጽ ነው?" ይላል፤ "እሺ ክቡር ጄኔራል" ይሉታል፤ ነገሩን እንደተፈጸመ ቆጥሮ ወደ ሌላው ያልፋል። ሳምንት ቆይቶ ሲያይ ምንም የለም። ይቆጣል። "እሺ" ይሉታል። ለእነሱ እሺ የወሬ መጀመሪያ ነው፤ ለእሱ መጨረሻ። መጀመሪያ ሲነግረኝ ሳቅሁ። አሳዛኙ ነገር ገና አልመጣም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ እንደልማዳቸው ደጅ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው አገኘኋቸው። ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት በቀይ ተቀብቷል፤ ቀለሙ ገና ይንጠባጠባል። የተማሪዎቹም ጎጆዎች እንዲሁ።

"ልጀ፣ ቀለም ሸተተኝ። ማን ነው ቤቱን የሚቀባልን?" አሉኝ።

ምን ልበላቸው? የሐይቁ ዳር መንገድ በእኛ ደጅ እንደሚያልፍ የሰማነው ያን ዕለት ነው። የሚነካው ቤተ ክርስቲያኑን አልነበረም፤ ጉባኤ ቤቱንና የእኛን ቤት ብቻ ነው። ለሌላ ሰው ይህ ምናልባት የቤት መልቀቅ ነው። ለአባባ ግን እንደዚያ አይደለም። ዓይናቸው ከጠፋ ጀምሮ ያቺን ቦታ በጆሮና በእግር ነው የሚያውቋት። ግራቸው ሐይቁ፣ ቀኛቸው ደወሉ፤ ከደጃፋችን ተነሥተው ድንጋዩን በመቋሚያቸው እየነኩ ብቻቸውን ማኅሌት ይቆማሉ። ከዚያ ከተነሡ ያለ መሪ አንድ እርምጃ አይሄዱም፤ ተማሪዎቹም ይበተናሉ። በዚህ ዕድሜ አዲስ ቦታ ለመልመድ ጊዜ የላቸውም። ለወንድሜ ደወልሁ። "ሁኔታ?" አለ። ነገርሁት። በዚህ ጊዜ "ግልጽ ነው" አላለም፤ "መጣሁ" አለ።

መጣ፤ ቀለሙን በጣቱ ነካው። "አይነካም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ። መንገዱ በዋርካው ጀርባ ይዞራል፤ አዝዣለሁ ማለት ነው።" አባባ ፊት ተንበርክኮ "የኔታ፣ ስጋት አይግባዎት። ቤትዎን የሚነካ የለም" አላቸው።

"እሺ" አሉ አባባ።

ወንድሜ ተነሣና "ሰማሽ? አለቀ" አለኝ። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ከሄደ በኋላ "አባባ፣ አምነውት ነው እሺ ያሉት?" አልኋቸው። "ልጀ ነው። ሌላ ምን ልበለው?" አሉኝና መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

ማዘዙን አዘዘ። ግን ቀያሾቹ ችካላቸውን በደጃችን መትከል አላቆሙም። ብጠይቃቸው "እኛ የተሰጠንን ነው" አሉኝ። ትዕግሥት የለኝም፤ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ መሥሪያ ቤቱ ሄድሁ። ወንድሜ ስብሰባ ላይ ስለነበር ምክትሉ ተቀበለኝ። ከሲታ፣ ትሑት፣ በዚያ ቤት ብዙ ኃላፊ ሲመጣና ሲሄድ ያየ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ የአባባን ጤና ጠየቀ።

"ወንድሜ መንገዱ ይዙር ብሏል አይደል?" አልሁት።

"ብለዋል። እኛም እሺ ብለናል።"

"እሺ ብላችሁ ምን አደረጋችሁ?"

እጁን ዘረጋ። "እትዬ፣ ነገሩ እኮ ከላይ ነው። ዕቅዱ ተጠናቆ የመጣው እሳቸው ሳይሾሙ ነው። የሚለውጠው እዚህ ቤት የለም።"

"ታዲያ ለምን ይህን አትሉትም?"

ነውር የተናገርሁ ይመስል ደነገጠ። "ለጄኔራል? ስለ አባታቸው ቤት? እንዴት ብየ እምቢ እላቸዋለሁ እትዬ? እርስዎ ቢሆኑ ይሉታል?"

እኔም ብሆን አልለውም፤ እውነቱን ነው። ሰውየውን መጥላት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልሁም። ወንድሜ ከስብሰባ ሲወጣ ቢሮው ገብቼ "ጋሸ፣ እምቢ ብለውሃል" አልሁት።

"ማን?"

"ሁሉም።"

"እሺ ነው ያሉኝ።"

"እሱን እኮ ነው የምልህ!"

ምክትሉን አስጠራው። "መንገዱ በዋርካው ጀርባ ይዞራል ብየ አዝዣለሁ። እሺ ብለሃል፣ አላልህም?"

"ብያለሁ፣ ክቡር ጄኔራል።"

"ይፈጸማል?"

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ "እሺ፣ እንዳሉ" አለ።

ወንድሜ "አየሽ?" በሚል ዓይን አየኝ። ፊቱ ላይ የነበረው እርካታ አንጀቴን በላው። ያን ያህል ሰው በእሳት መሃል መርቶ ያወጣ ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ ተሻግሮ ያለውን አንድ ቃል መስማት አቃተው። ላስረዳው ብሞክር የቅኔ ትምህርት ነው የሚሆንብኝ፤ እሱን ደግሞ አባባም አልቻሉትም። ራሱም ወደ በላዮቹ ደውሎ ነበር፤ "እሺ፣ እናየዋለን" ብለውታል። እናየዋለን ያሉትን ያዩታል ብሎ ነው የያዘው። በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን ከእንቦጩ ውስጥ እየጎተቱ ሲያወጡ አየሁ፤ ሰዎቹ ይጎትታሉ፣ እንቦጩ አይለቅም። ሹፌሩ "እትዬ፣ ምነው ዝም አሉ?" አለኝ። "ደክሞኝ ነው" አልሁት።

ዶዘሩ የመጣው ጠዋት ነው። ክፍል ውስጥ ሆኜ ሳስተምር ከአባባ ተማሪዎች ትልቁ፣ የዱርቤቴው ጎልማሳ፣ ደበሎውን እንደለበሰ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ በር ላይ ቆመ። ጠመኔውን ጥዬ ወጣሁ። ስደርስ ተማሪዎቹ ያላቸውን ትንሽ ዕቃ ዋርካው ሥር ያከማቻሉ። አባባን ወንበራቸው ላይ አስቀምጠዋቸዋል፤ ታናናሾቹ ዙሪያቸውን ቆመዋል፤ አባባ ፊታቸውን ወደ ሞተሩ ድምፅ አዙረዋል። ወንድሜ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ዶዘሩ ፊት ቆሟል።

"አቁም!" አለ። ሹፌሩ አቆመ፤ ወርዶም ኮፍያውን አወለቀ።

"ማን አዘዘህ?"

"መሥሪያ ቤትዎ ነው፣ ክቡር ጄኔራል" አለ ሹፌሩ። ያሾፈ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። ትእዛዙ የወጣው በወንድሜ መሥሪያ ቤት ማኅተም ነው።

ወንድሜ ስልኩን አወጣ። ጥቂት ራቅ አለ፤ እኔ ግን ተከትዬው ነበርና የእሱን ድምፅ እሰማለሁ። "አቤት... የለም፣ እኔ ያዘዝሁት ሌላ ነው... የአባቴ ቤት ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ጉባኤ ቤት ነው... አዎ... አዎ፣ ተረድቻለሁ..." ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ተረከዙን ገጠመ። "እሺ" አለ።

እዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሺ ሲል እሺ ማለቱ የሆነ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ምክትሉ ቢሆን እሺ ብሎ ስልኩን ይዘጋና ዶዘሩ ተበላሸ ይላል፣ ነዳጅ የለም ይላል፣ ሹፌሩ ሐዘን ገጠመው ይላል፣ ክረምት ይገባል፤ ክረምቱ እስኪወጣ ስንት ሹም ይሻራል፣ ስንት ዕቅድ ይረሳል። የአባባን ቤት ሊያድን የሚችል አንድ የውሸት እሺ ነበር፤ ወንድሜ እሷን መዋሸት አላወቀበትም።

"ጋሸ!" አልሁት እጁን ይዤ፤ "ዝም ብለህ ሂድ! እዚህ የለሁም በል! እባክህ!"

"ታዝዣለሁ፣ እታለም" አለኝ። ድምፁ ልስልስ ያለ ነበር፤ እንደዚያ ተናግሮኝ አያውቅም። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሮ "ቀጥል" አለ።

መጀመሪያ የወደቁት ጎጆዎቹ ናቸው፤ ለዶዘር ምንም አይደሉም። የእኛ ቤት ትንሽ አንገራገረ። ድንጋይ የወረወረ የለም፣ የጮኸ የለም። ተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ያለቅሱ ነበር። በሐይቁ ዳር ወፎቹ ከደንገሉ ተነሥተው በረሩ። አባባ "ጨረሱ?" እያሉ ይጠይቁኛል፤ "ገና ናቸው" እላለሁ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ፤ ለማን እከሳለሁ፣ ማንን? የሚከሰሰው ሰው ከጎኔ ቆሞ እንደ እኔ ያያል።

ሲያልቅ ወንድሜ መጥቶ ተንበረከከ። "የኔታ፣ ወደ እኔ ቤት እንሂድ።"

"እሺ" አሉ አባባ። ሌላ የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

ዓባይ ማዶ ያለው ቤት ምንም አይጎድለውም፤ ሴራሚክ ወለል፣ የሚፈስ ውኃ፣ ለስላሳ ወንበር። አባባ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ዕውር ሆኑ። ይህን ስጽፍ ሰው ይገርመው ይሆናል፤ ዓይናቸው ከጠፋ ዘመን አልፏል፣ ዕውር ሲሆኑ ያየኋቸው ግን ያን ጊዜ ነው። መቋሚያቸው ሴራሚኩ ላይ ይንሸራተታል። ሐይቁ በየት በኩል እንደሆነ አያውቁም። የሚሰማው የመኪና ድምፅ ነው፤ እሱም ከአራቱም ማዕዘን ነው። ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ሰሞን ድልድዩን ተሻግረው ይመጡ ነበር፤ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ደበሎ ለባሽ ሲያይ "ማንን ፈለጋችሁ? ፈቃድ አላችሁ?" ይላቸዋል። እኔ ካለሁ አስገባቸዋለሁ፤ ከሌለሁ ይመለሳሉ። ሰበካ ጉባኤው ሌላ ቦታ ጠይቆ "እሺ" ተብሏል። ተማሪ በእሺ አይኖርምና ቀስ በቀስ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። የዱርቤቴው ብቻ ስንብት ሊል መጥቶ ጉልበታቸውን ስሞ ብዙ ቆየ።

ወንድሜም ከዚያ በኋላ አልሆነለትም። ሥራውን ለመልቀቅ ጠየቀ፤ "እሺ፣ እናየዋለን" አሉት። በዚህ ጊዜስ የገባው መሰለኝ፤ ሲነግረኝ ፈገግ አለ። ከሥራ ሲመለስ አባባ አጠገብ ይቀመጣል። አንድ ቀን ቡና ሳቀብለው እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ አገኘሁት፤ ስኒውን አጠገቡ አስቀምጬ ወጣሁ።

አንድ ጠዋት አባባ ሳይነግሩን ከበር ወጡ። ወደ ሐይቁ የሚሄዱ መስሏቸው ወደ ዋናው መንገድ ሄደዋል፤ ባጃጅ ለጥቂት ሳታቸው። አንዲት የገበያ ሴት ክንዳቸውን ይዛ መለሰቻቸው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ጠባቂውን ጠራው፤ ጠባቂው በእሱ ሥር የዘመተ የቀድሞ ወታደር ነው። "የኔታ ያለ እኔ ፈቃድ ከዚህ በር እንዳይወጡ። ግልጽ ነው?" አለው። "እሺ፣ ጌታየ" አለ ጠባቂው። ሰላምታ ሰጠ። ፍቅር ነው ያናገረው፤ እኔም ደግ አደረገ አልሁ።

የደብራችን ታቦት የሚከብርበት ቀን መጣ። አባባ በዚያ ቀን ማኅሌት ቀርተው አያውቁም። ወንድሜ ማልዶ ስብሰባ ሄዷል። አባባ ነጭ ልብሳቸውን ለበሱ፣ ጥምጥማቸውን አሠርሁላቸው፤ ማኅሌቱ ቢያልፍም ለቅዳሴው ልድረስ ብለው በእኔ ትከሻ ተደግፈው ወደ በሩ ሄድን። ጠባቂው ከወንበሩ ተነሣ፤ በሩን ግን አልከፈተም።

"ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሄድ። እኔ ይዣቸው ነው" አልሁት።

"እትዬ፣ ያለ እኔ ፈቃድ ብለውኛል።"

"ብቻቸውን እንዳይወጡ ማለቱ ነው!"

"ብቻቸውን አላሉኝም" አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ጨካኝ ሰው አይደለም። "ይደውሉላቸውና ይዘዙኝ።"

ደወልሁ። ስልኩ ዝግ ነው። ለጸሐፊዋ ደወልሁ፤ "ስብሰባ ላይ ናቸው፤ እነግርልዎታለሁ፣ እሺ" አለችኝ። እንደማትነግረው ከድምፅዋ አወቅሁ። ጮህሁ፣ ለመንሁ፣ ጠባቂውን ሰደብሁት፤ የብረቱን በር በመዳፌ መታሁት። ምንም ማድረግ አለመቻል እንዲህ እንደሚያቃጥል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። አባባ ክንዴን ዳብሰው ያዙኝ። "ተይው ልጀ፤ ታዝዞ ነው" አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፣ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉና ዜማቸውን በዝግታ ጀመሩ። ወንበር ባመጣላቸው አልቀመጥ አሉ። ፀሐዩ ከፍ እያለ ሄደ። ጠባቂው ኮፍያውን አውልቆ ከጎናቸው ቆመ።

የወንድሜ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ጠባቂው ሮጦ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። መኪናው ግን መግባት አልቻለም፤ አባባ መሃል ላይ ቆመዋል። ወንድሜ ወረደ። ነጩን ልብስ አየ፣ ጥምጥሙን አየ፣ እኔን አየ። ጠባቂው ሰላምታ ሰጥቶ "እንዳዘዙኝ ነው፣ ጌታየ" አለ። በዚያ ሹመት ዘመኑ አንዲት ነገር ሳትጎድል የተፈጸመችለት ትእዛዝ እሷ ናት።

"የኔታ..." አለ ወንድሜ። "ይግቡ መኪና ውስጥ። አሁኑኑ አደርስዎታለሁ።"

"ቅዳሴው ወጥቷል፣ ልጀ" አሉ አባባ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ዞረው ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ ቤት ገቡ።

ወንድሜ ከተከፈተው በር አጠገብ ቆሞ ቀረ። ጠባቂው ጥቂት ጠበቀና "ልዝጋው፣ ጌታየ?" ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ አልመለሰለትም። ጠባቂውም ቀድሞ የታዘዘውን ያውቃልና ዘጋው።